ጥያቄ አለኝ፦ «የእውነት የመጨረሻ» የሚለው ፎልደር

ከወሎ የደረሱንን የሶፍትዌር ጥያቄዎች በዚህ እትም አንድ ላይ አድርገናቸዋል። የትዕዛዞችን ስም በድምፃቸው ጽፈናል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ግን በላቲን ፊደል ነው የሚተየቡት።

ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ

«እንደምን ከረማችሁ? ሦስት ጓደኛሞች ነን። ለአንድ የግንባታ ዕቃ መደብር የንብረት መቆጣጠሪያ ፕሮግራም እየሠራን ነው። ኮዱን የምንቀባበለው በፍላሽ ስለሆነ አሁን ፍላሹ ላይ "የመጨረሻ"፣ "የመጨረሻ 2"፣ "የእውነት የመጨረሻ" የሚሉ ፎልደሮች ተከምረዋል። ሰሞኑን አንዳችን አሮጌውን በአዲሱ ላይ ገልብጦ የሁለት ቀን ሥራ ጠፋ። ጊት ተጠቀሙ ይሉናል፤ ኢንተርኔታችን ግን ይቆራረጣል። ያለ ኢንተርኔት ይሆናል ወይ?»

አብሽሩ፣ ይሆናል። ብዙ ሰው ጊትንና ጊትሀብን አንድ እያደረገ ነው ግራ የሚገባው። ጊትሀብ ኢንተርኔት ላይ ያለ ማስቀመጫ ነው። ጊት ግን በየላፕቶፓችሁ የሚጫን፣ የኮዱን የለውጥ ታሪክ የሚመዘግብ ፕሮግራም ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሊነክስ ከርነል (የሊነክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት) ሥራ ሲሠራው፣ የእያንዳንዱ ሰው ቅጂ የኮዱን ሙሉ ታሪክ እንዲይዝ አድርጎ ነው። መመዝገቡ፣ የኋላውን ማየቱ፣ ማወዳደሩ፣ መመለሱ፣ ሁሉም ያለ ኔትወርክ ይሠራል። መስመር የሚያስፈልጋችሁ ስትቀባበሉ ብቻ ነው፤ ያ መስመር ደግሞ ፍላሽ ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ ከሦስቱ ፎልደሮች ትክክለኛው የቱ እንደሆነ ቁጭ ብላችሁ ተስማሙ። ሌሎቹን አሽጋችሁ ለሁለት ወር ያህል አቆዩዋቸው፤ የጎደለ ነገር መኖሩ አይቀርም። በተመረጠው ፎልደር ውስጥ ከሁሉ በፊት «ጊትኢግኖር» የሚባለውን ፋይል ጻፉ። እዚያ የሚዘረዘሩት ታሪክ ውስጥ መግባት የሌለባቸው ናቸው፦ ከኢንተርኔት የወረዱ ላይብረሪዎች (ሌሎች ጽፈውት እናንተ የምትጠቀሙበት ኮድ)፣ ፕሮግራሙ ራሱ የሚፈጥራቸው ፋይሎች፣ የመደብሩ ዳታቤዝ፣ ፓስወርድ የተጻፈበት ፋይል። ይህን ከመጀመሪያው ኮሚት (ለውጥን ታሪኩ ውስጥ መመዝገብ) በኋላ ካሰባችሁት ዘግይታችኋል። አንዴ የተመዘገበ ፓስወርድ በሚቀጥለው ኮሚት ቢሰረዝም ታሪኩ ውስጥ ይቀመጣል፤ ያን ጊዜ መፍትሔው ፓስወርዱን ራሱን መለወጥ ነው።

ከዚያ «ጊት ኢኒት» ታሪኩ የሚቀመጥበትን ማኅደር ይፈጥራል፣ «ጊት አድ» የሚመዘገቡትን ፋይሎች ይመርጣል፣ «ጊት ኮሚት» ይመዘግባቸዋል። አሁን ወደ ፍላሹ። ፍላሹ ላይ የምትፈጥሩት ማኅደር «ቤር» የሚባለው ዓይነት ይሁን፤ ይህም የሚሠራበት ፋይል የሌለው፣ ታሪኩን ብቻ የያዘ ማለት ነው። ተራ ማኅደር ካደረጋችሁት፣ ክፍት ወደሆነው ብራንች (የታሪኩ ቅርንጫፍ) ፑሽ ስታደርጉ፣ ማለትም ኮሚታችሁን ስትልኩ፣ ጊት እምቢ ይላል፤ ምክንያቱም እዚያ ያሉትን ፋይሎች ሳይነካ ታሪኩን ብቻ ወደፊት ቢያስኬድ ሁለቱ አይገናኙም። የፍላሹን አድራሻ ሪሞት (የምትቀባበሉበት ማኅደር) አድርጋችሁ መዝግቡ፣ አንዳችሁ ፑሽ አድርጉ፣ ሌሎቻችሁ ክሎን አድርጉ፤ ሙሉ ቅጂውን ውሰዱ ማለት ነው። ጠዋት ሥራ ሳትጀምሩ ፑል (አዲሱን ማምጣት)፣ ማታ ፑሽ።

ፍላሽ ላይ አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። ብዙ ፍላሽ የተዘጋጀበት የፋይል ሥርዓት የፋይሉን ባለቤት ስለማይመዘግብ፣ ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያሉ የጊት ቅጂዎች «የዚህ ፎልደር ባለቤትነት ያጠራጥራል» ብለው ሊቆሙ ይችላሉ። ስህተት አይደለም። ማስጠንቀቂያው ራሱ የሚያሳያችሁን «ሴፍ ዳይሬክተሪ» የሚለውን ትዕዛዝ በየላፕቶፑ አንድ ጊዜ መስጠት ይበቃል። ፍላሹን ሳታስወጡት አትንቀሉት፤ ተበላሽቶ ቢገኝ ግን አትደንግጡ፤ ሙሉው ታሪክ በሦስት ላፕቶፕ ላይ አለ፤ አዲስ ፍላሽ ገዝቶ ፑሽ ማድረግ ነው።

አንዳችሁ ኮምቦልቻ ወርዶ ቢሰነብትስ? «ጊት ባንድል» የሚባል ትዕዛዝ አለ። ታሪኩን፣ ወይም ካለፈው ወዲህ የተጨመረውን ብቻ፣ አንድ ፋይል አድርጎ ይጠቀልለዋል። ፋይሉ በቴሌግራም ይላካል፤ ተቀባዩ ልክ እንደ ሪሞት ከእሱ ፑል ያደርጋል። መጠኑ ብዙ ጊዜ ከአንድ ፎቶ አይበልጥም።

ኮንፍሊክት ይገጥማችኋል፤ እሱን ፈርታችሁ ወደ ፎልደር እንዳትመለሱ። ሁለት ሰው አንድ ቦታ ላይ የተለያየ ነገር ከጻፈ፣ ጊት ሁለቱንም በምልክት ለይቶ ፋይሉ ውስጥ ያስቀምጥና «እናንተ ወስኑ» ይላል። ሁለቱ ሰዎች አንድ ስክሪን ፊት ተቀምጠው ይወስኑ፤ አንዱ ብቻውን የሌላውን ቢሰርዝ በፎልደሩ ጊዜ የደረሰባችሁ ይደገማል። ኮንፍሊክት የሚበዛው በሦስት ምክንያት ነው፦ ለአምስት ቀን ሳይቀባበሉ መቆየት፣ አንድ ሁለት ሺህ መስመር ያለው ፋይል ላይ ሁሉም መሥራት፣ የአንዱ ኤዲተር (ኮድ የሚጽፍበት ፕሮግራም) ፋይሉን ሙሉ በራሱ መልክ እያስተካከለ ማስቀመጥ። አራተኛም አለ። ከመካከላችሁ አንዱ ሊነክስ፣ ሌላው ዊንዶውስ ከሆነ የመስመር መጨረሻ ምልክቱ ስለሚለያይ፣ ማንም ያልነካው ፋይል «ሙሉ ተለውጧል» ሊባል ይችላል። «ጊትአትሪቢውትስ» የሚባል ፋይል ውስጥ አንድ መስመር መጻፍ ይፈታዋል፦ ኮከብ ምልክት፣ ከዚያ «ቴክስት እኩል ይሆናል አውቶ»።

ኮሚት ትንሽ ይሁን፤ አንድ ሐሳብ፣ አንድ ኮሚት። መልእክቱ ደግሞ ምን እንደተለወጠ ብቻ ሳይሆን ለምን እንደተለወጠ ይናገር። «አስተካከልኩ» ከሚል ይልቅ «ሲሚንቶ በኩንታል ተመዝግቦ በኪሎ ሲሸጥ ቀሪው ይሳሳት ስለነበር መለኪያውን አንድ አደረግሁ» የሚለው ከስድስት ወር በኋላ ዋጋ ያወጣል። ኮሚቶቹ ትናንሽ ከሆኑ «ጊት ባይሴክት» ይጠቅማችኋል። «ያኔ ይሠራ ነበር፣ አሁን አይሠራም» ስትሉት መካከለኛውን ኮሚት አውጥቶ ይጠይቃችኋል፤ በመለሳችሁ ቁጥር ግማሹን ይጥላል። ከ1000 ኮሚት ውስጥ አጥፊውን በ10 ጥያቄ ገደማ ያገኘዋል። ያገኘው ኮሚት 40 ፋይል የነካ ከሆነ ግን ምን ዋጋ አለው?

ለመመለስ «ሪቨርት»ን ተጠቀሙ፤ የቀድሞውን ሳይሰርዝ ተቃራኒውን አዲስ ኮሚት አድርጎ ይጨምራል። «ሪሴት ሀርድ» ግን ያልተመዘገበ ሥራን ጠራርጎ ይወስዳል። ኮሚት የተደረገ ነገር የጠፋ ሲመስላችሁ «ጊት ሪፍሎግ» በሉ፤ እያንዳንዱን እርምጃ በመደበኛው አሠራር ለ90 ቀን፣ ከማንኛውም ብራንች የተነጠለውን ደግሞ ለ30 ቀን ያስታውሳል። ኮሚት ያልተደረገውን ግን እሱም አያውቀውም። ለፑሽ «ፎርስ» የሚባለውን፣ የሌላውን ኮሚት ከፍላሹ ላይ ሊደመስስ የሚችለውን ጭማሪ ደግሞ ከሦስታችሁ ማንም እንዳይነካው ተስማሙ።

ከኮምቦልቻ

«በአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር የመረጃ ሠራተኛ ነኝ። ደንበኛው "ሙሐመድ" ተብሎ ተመዝግቦ "መሀመድ" ብለን ስንፈልገው የለም ይለናል። ለአንድ ሰው ሁለት ሒሳብ የተከፈተበት ጊዜም አለ። ሁለተኛ፣ ለአባላት የምንልከው የአማርኛ አጭር መልእክት ከእንግሊዝኛው በላይ ያስከፍለናል። ለምን?»

ለእርስዎ ሀ፣ ሐና ኀ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 (ዩኒኮድ ለዓለም ፊደላት የኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጥ ሥርዓት ነው) ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል። ዩኒኮድ ያለው የማስተካከያ ሥርዓትም እነዚህን አያገናኛቸውም። ማገናኘቱ የፕሮግራመራችሁ ሥራ ነው።

ትክክለኛው መንገድ ለአንድ ስም ሁለት ዓምድ መያዝ ነው። በአንደኛው ባለቤቱ እንደጻፈው፣ መታወቂያው ላይ እንዳለ፤ እሱን ማንም አይነካውም። በሁለተኛው ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ቁልፍ። ቁልፉ ሲሠራ የሐና የኀ ቤተሰብ ከነሰባቱ ድምፅ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይለወጣል። ከዚያ ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ። የተደራረበ ባዶ ቦታና ሁለት ነጥብ ይወገዳል። ደንበኛው ሲፈለግ የተጻፈው ስም በዚያው ሕግ ይለወጥና ከቁልፉ ጋር ይወዳደራል። ሕጉ በአንድ ቦታ ይጻፍ፤ በምዝገባው አንድ ዓይነት፣ በፍለጋው ሌላ ዓይነት ከሆነ ከበፊቱ የባሰ ይሆናል።

በአሕጽሮት ላይ ይጠንቀቁ። «ገ/ሥላሴ»፣ «ገብረ ሥላሴ»፣ «ገብረሥላሴ» አንድ ናቸው ብሎ ማዘዝ ቀላል ነው። «ወ/» የሚለውን ሁሉ «ወልደ» የሚያደርግ ፕሮግራም ግን «ወ/ሮ»ንም «ወልደሮ» ያደርጋታል። «ተ/» ደግሞ ተክለም ተስፋም ሊሆን ይችላል፤ እሱን ለሰው ይተዉት።

ይህ ሁሉ «ሙሐመድ»ንና «መሐመድ»ን አላገናኘም፤ ልዩነታቸው በድምፁ ቅጥያ ነውና። ለዚህ ሁለተኛ፣ ላላ ያለ ቁልፍ ይሠራል፤ እያንዳንዱን ፊደል ወደ ግዕዙ መመለስ። ዩኒኮድ ውስጥ እያንዳንዱ የፊደል ቤት የተቀመጠው ስምንት ስምንት ቦታ ይዞ ነው። ስለዚህ የፊደሉን ቁጥር ለ8 አካፍሎ ቀሪውን መቀነስ ግዕዙን ይሰጣል። ሙሐመድ፣ መሀመድ፣ ሞሃመድ ሁሉም «መሀመደ» ይሆናሉ።

አሁን አደጋው። በዚህ ቁልፍ ሐሰንና ሁሴን ሁለቱም «ሀሰነ» ናቸው። በወሎ ደግሞ ሐሰንና ሁሴን ለመንታ ወንድማማች የሚወጣ ስም ነው፦ የአባት ስም አንድ፣ የአያት ስም አንድ፣ የልደት ቀን አንድ፣ ቀበሌ አንድ። «ሁሉም መረጃ ስለተመሳሰለ አዋሕድ» የሚል ፕሮግራም የሁለት ሰው ቁጠባ በአንድ ደብተር ይከታል። ስለዚህ ላላ ያለው ቁልፍ ዕጩዎችን ለማሳየት ብቻ ይሁን። ገንዘብ ያዡ ዝርዝሩን አይቶ፣ ባለቤቱን ጠይቆ ይምረጥ። ሁለት ሒሳብ ማዋሐድ ሁለት ሠራተኛ የሚፈርምበት፣ ሊመለስ የሚችል ሥራ ይሁን።

የመልእክቱ ዋጋ ቀላል ነው። አንድ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል 160 ምልክት ይይዛል፤ በእኛ ፊደል ግን 70 ብቻ። ከ70 ካለፈ ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ ክፍል ደግሞ ለማያያዣ ቦታ ስለሚተው 67 ይሆናል። 150 ፊደል ያለው የአማርኛ መልእክት በሦስት ይቆጠራል ማለት ነው። በላቲን በተጻፈ መልእክት ውስጥ አንድ «ብር» የሚል ቃል በፊደላችን ቢገባ መልእክቱ በሙሉ ወደ 70 ይወርዳል። «የተከበሩ የማኅበራችን አባል» የሚለውን መግቢያ ቢያስቀሩት ብዙ ይቆጥባሉ።

ከላሊበላ

«ለሆቴሎች የክፍል ማስያዣ ድረ ገጽ እሠራለሁ። የገና ሰሞን አንዳንድ እንግዶች ከያዙት ቀን አንድ ቀን ቀድመው ወይም ዘግይተው ይመጣሉ። የዘመን አቆጣጠሩን የምቀይረው 7 ወይም 8 ዓመት ቀንሼ፣ ቀኑን በሠንጠረዥ እያየሁ ነው። ስህተቱ ከየት ይመጣል?»

ከሁለት ቦታ ይመጣል፤ ሁለቱ ተደርበው ስለሚታዩ ነው የሚያስቸግሩት።

አንደኛው ሠንጠረዡ ነው። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ቀን ይሆናል፤ ይኸውም ዓመቱ ለ4 ሲካፈል 3 ሲተርፍ ነው፤ 2015 እንደዚያ ነበር። የሚቀጥለው መስከረም 1 ታዲያ በሴፕቴምበር 11 መሆኑ ቀርቶ 12 ላይ ይውላል። ይህ የአንድ ቀን ፈቀቅታ እስከ ፌብሩዋሪ 29 ይቆይና ይስተካከላል። ገና በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 የሚከበረውም በዚሁ ነው፤ እናንተ ከተማ ይህን የማያውቅ ሰው የለም፤ ሠንጠረዡ ግን አያውቅም። ስህተቱ በአራት ዓመት አንዴ፣ ያውም ሆቴሉ በሚሞላበት ሰሞን የሚታየው ለዚህ ነው።

ሠንጠረዡን ይተዉትና ሁሉንም ቀን ወደ አንድ ተከታታይ ቁጥር ይለውጡ። ከዓመቱ 1 ቀንሰው በ365 ያባዙ። ዓመቱን ለ4 አካፍለው ክፍልፋዩን ጥለው ይደምሩ። ከወሩ ቁጥር 1 ቀንሰው በ30 አባዝተው ይደምሩ። ቀኑን ይደምሩ። በመጨረሻ 1724220 ይደምሩ። መስከረም 1፣ 2016 ሲሰላ 2460200 ይወጣል። ይህ የጁሊያን ቀን ቁጥር የሚባለው ሲሆን፣ ከእሱ ወደ ፈረንጆቹ ቀን የሚመልስ ስሌት በየፕሮግራም ቋንቋው ይገኛል።

ሁለተኛው ስህተት የሰዓት ነው። የድረ ገጽ ፕሮግራም ቋንቋው ጃቫስክሪፕት ሰዓት የሌለውን ቀን፣ ዓመት ሰረዝ ወር ሰረዝ ቀን ተብሎ ሲሰጠው፣ የዓለም አቀፉ ሰዓት እኩለ ሌሊት አድርጎ ይወስደዋል። አሜሪካ ያለው እንግዳ በራሱ ሰዓት ሲያየው ገና የቀደመው ቀን ማታ ስለሆነ ጃንዋሪ 7 ለእሱ 6 ሆኖ ይታያል። የእኛ ሰው ደግሞ በተቃራኒው ይሳሳታል። እኛ 3 ሰዓት ስለምንቀድም፣ እዚህ እኩለ ሌሊት ብሎ የተመዘገበ ቀን ወደ ዓለም አቀፉ ሰዓት ሲለወጥ የትናንት ይሆናል። የመግቢያ ቀን ሰዓት የለውም፤ ዳታቤዙ ውስጥም «ቀን» በሚባለው ዓይነት ይቀመጥ፤ ከሰዓት ጋር አይጋባ። ከአውሮፕላን ማረፊያ የመቀበያ ጊዜ ግን ሰዓት አለው፤ እሱ በዓለም አቀፉ ሰዓት ተቀምጦ ሲታይ በሁለቱም ይታይ፦ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ለሾፌሩ፣ «9፡00» ለእንግዳው።

ከዚህ በኋላ ቴስት (ኮዱ ትክክለኛውን መልስ መስጠቱን የሚፈትሽ ኮድ) ይጻፉ። ቴስት መጻፍ ለጀመረ ሰው ከቀን ስሌት የተሻለ መለማመጃ የለም፤ መልሱ አስቀድሞ ይታወቃልና። ጳጉሜን 6፣ 2015 ሴፕቴምበር 11፣ 2023 ነው። መስከረም 1፣ 2016 ሴፕቴምበር 12፣ 2023። ታኅሣሥ 28፣ 2016 ጃንዋሪ 7፣ 2024። የካቲት 21፣ 2016 ፌብሩዋሪ 29፣ 2024። መስከረም 1፣ 2017 ሴፕቴምበር 11፣ 2024። ታኅሣሥ 29፣ 2017 ጃንዋሪ 7፣ 2025። ጳጉሜን 6፣ 2016 ሲሰጠው ደግሞ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ማለት አለበት፤ ዝም ብሎ ወደ መስከረም 1 ካሻገረው ቴስቱ ይውደቅ። በመጨረሻ ከ1900 እስከ 2050 ያለውን እያንዳንዱን ቀን ወደዚያ ቀይሮ ወደዚህ የሚመልስ ቴስት ይጨምሩ። 55 ሺህ ያህል ቀን ነው፤ ላፕቶፑ በሰኮንዶች ይጨርሰዋል። ቴስቶቹን ኮድ በተለወጠ ቁጥር ያስኪዷቸው፤ በተለይ «ይሄ እኮ ምንም አይነካም» ባሉ ቀን።

ከሐይቅ

«የመድኃኒት መደብር አለኝ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ፕሮግራሙ "ዳታቤዙ ተበላሽቷል" አለኝ። ባክአፕ "ዲ" ላይ ነበረኝ፤ እሱም አልከፈት አለ። የሠራልኝ ልጅ ምን ማድረግ ነበረበት?»

ሽያጭ ሁለት ጽሑፍ ነው፦ መድኃኒቱ ከክምችት ይቀነሳል፣ ገንዘቡ ይመዘገባል። መብራት በመካከል ቢጠፋ ወይ ሁለቱም ይጻፉ ወይ ሁለቱም አይጻፉ። ይህን የሚያረጋግጠው ዳታቤዙ ውስጥ «ትራንዛክሽን» የሚባለው ነው፤ ልጁ ተጠቅሞበት እንደሆነ ይጠይቁት። ባክአፑ ያልተከፈተው ምናልባት ፕሮግራሙ እየሠራ ፋይሉ እንዲሁ ስለተገለበጠ ነው። እየተጻፈ ያለ ዳታቤዝ ሲገለበጥ ግማሹ የድሮ፣ ግማሹ የአዲስ ይሆናል። ፖስትግሬስም ኤስኪውላይትም የሚባሉት የዳታቤዝ ፕሮግራሞች የራሳቸው የባክአፕ ትዕዛዝ አላቸው፤ መጠቀም ያለበት እሱን ነው። «ዲ» ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የዚያው የአንድ ዲስክ ሌላ ክፍል ነው፤ ዲስኩ ከሄደ ሁለቱም ይሄዳሉ።

ሦስት ቅጂ ይኑርዎት፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከመደብሩ ውጭ። ወደ ቤት የሚወስዱት ፍላሽ የሕሙማን ስም ስላለበት በፓስወርድ ይቆለፍ። ፍላሹን ሁልጊዜ ሰክተው አይተዉት፤ ኮምፒውተሩን የመታ ኃይለኛ መብራት ወይም ቫይረስ እሱንም ያገኘዋል። የዕለቱን ለ7 ቀን፣ የሳምንቱን ለ4 ሳምንት፣ የወሩን ለ12 ወር ያቆዩ። የዛሬውን ሁልጊዜ በትናንቱ ላይ የሚጽፍ ሰው ስህተቱን ከሦስት ቀን በኋላ ካወቀ የተበላሸ ቅጂ ብቻ ነው ያለው።

በወር አንድ ቀን፣ ለምሳሌ የወሩ የመጀመሪያ ሰኞ፣ ባክአፑን ሌላ ላፕቶፕ ላይ ያስከፍቱና የትናንቱ ሽያጭ ድምር ከደረሰኝዎ ጋር መግጠሙን ይዩ። ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ እንደሌለ ነው የሚቆጠረው። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ከገዙ ደግሞ መብራት ከጠፋ በኋላ ኮምፒውተሩን በሥርዓት ለመዝጋት እንጂ ሽያጭ ለመቀጠል እንዳይጠቀሙበት፤ ባትሪው ሲያልቅ ያው መብራት እንደጠፋ ነው።

ከኮምቦልቻ፣ የሶፍትዌር ተማሪ

«ዲአርዋይ፣ ያግኒ፣ ሶሊድ፣ አጃይል፣ ስክረም እየተባለ እናጠናለን። ከእነዚህ ሥራ ላይ የሚውለው የቱ ነው? ደግሞስ የቫሪያብል ስም በአማርኛ መጻፍ ነውር ነው?»

ለፈተናው ሁሉንም አጥኚ። ለሥራው ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት በደንብ መረዳት ይቀድማል።

ዲአርዋይ «ራስህን አትድገም» ነው፤ ብዙ ሰው ግን «ሁለት ቦታ የተመሳሰለ ኮድ አይኑር» ብሎ ይተረጉመዋል። ነገሩ የተጻፈው መመሳሰሉ አይደለም፤ ዕውቀቱ አንድ መሆኑ ነው። ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ነው፤ ባለሱቁ ለቋሚ ደንበኛ የሚያደርገው ቅናሽም 15 በመቶ ቢሆን ሁለቱን በአንድ ስም ማስቀመጥ ስህተት ነው። ባለሱቁ ቅናሹን 10 ያደረገ ዕለት ታክሱም ይወርዳል። ያግኒ ደግሞ «አያስፈልግህም» ነው፤ ለአንድ ሱቅ የሚሠራውን ፕሮግራም «አንድ ቀን መቶ ቅርንጫፍ ሲኖረው» ብለሽ አታወሳስቢው። ሶሊድ በአምስት ፊደል የተሰየሙ አምስት የኮድ አደረጃጀት መርሆዎች ናቸው፤ ከእነሱ የመጀመሪያውን ፊደል፣ አንድ ክፍል አንድ ኃላፊነት የሚለውን፣ ያዢ፤ የቀሩት አራቱ ትልቅ ኮድ ሲገጥምሽ ራሳቸው ትርጉም ይሰጡሻል።

አጃይል የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2001 በዩታ የተሰበሰቡ 17 ሰዎች ስለ ሶፍትዌር አሠራር ያወጡት አጭር መግለጫ ነው፤ ስክረም ከእሱ በፊትም የነበረ፣ ሥራን ከአንድ ወር በማይበልጡ ዙሮች የሚከፍል አሠራር ነው። በየቀኑ የ15 ደቂቃ ስብሰባ አለው። ሦስት ሰው አንድ ጠረጴዛ ላይ ከሠራ ስብሰባው አያስፈልግም፤ ግድግዳ ላይ «የሚሠራ፣ እየተሠራ ያለ፣ ያለቀ» የሚል ሦስት ዓምድ ይበቃል። ዋናው ነገር በየሁለት ሳምንቱ ለባለቤቱ የሚሠራ ነገር አሳይቶ «ይሄ አይደለም ያልኩት» መባል ነው። ያንን በስድስተኛው ወር ከመስማት በሁለተኛው ሳምንት መስማት ይሻላል።

የአማርኛ ስም ነውር አይደለም። ፓይተን የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ከቅጂ 3 ጀምሮ ይቀበለዋል። ችግሩ ከላይ ለማኅበሩ ሠራተኛ ያልነው ነው፦ «ፀሐይ» ብለሽ ፈጥረሽ «ጸሐይ» ብለሽ ብትጠሪው ፓይተን አያውቀውም፤ ስህተቱን ደግሞ በዓይን ማየት ከባድ ነው። ስሙን በላቲን፣ ማብራሪያውን በአማርኛ መጻፉ ይሻላል። በተለይ የንግዱን ሕግ፣ ማለትም ለምን ብድሩ ከሦስት ወር በኋላ መከፈል እንደሚጀምር የመሰለውን፣ ሰው በሚያስብበት ቋንቋ መጻፍ ተገቢ ነው።

ሳትጠይቂ አንድ እንጨምርልሽ። ገንዘብን በነጥብ ቁጥር አታስቀምጪ። 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ ኮምፒውተሩ 0.30000000000000004 ይላል፤ አንድ አሥረኛ በሁለትዮሽ ቁጥር አልቆ ስለማይጻፍ ነው። በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር አስቀምጪ፤ 125 ብር ከ50 ማለት 12550 ነው።

ከወልዲያ

«ሁለት ወር ሳልነካው የቆየ ፕሮጀክት አዲስ ላፕቶፕ ላይ ስጭነው አልሠራም አለ። ኮዱን አልለወጥሁም!»

ኮድህን አልለወጥህም፤ የተደገፍህበት ላይብረሪ ግን ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2016 የ11 መስመር ትንሽ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ደራሲው ከማከማቻው ሲያወርደው በዓለም ዙሪያ ብዙ ፕሮጀክቶች መገንባት አቅቷቸው ነበር። የቅጂ ቁጥር ሦስት ክፍል አለው። የመጨረሻው ሲጨምር ስህተት ታርሟል፣ መካከለኛው ሲጨምር አዲስ ነገር ታክሏል፣ የመጀመሪያው ሲጨምር የድሮው ኮድ ላይሠራ ይችላል ማለት ነው፤ ደራሲው ሕጉን ካከበረ። ላይብረሪ ስትጭን የሚፈጠረው «ሎክ» ፋይል የእያንዳንዱን ትክክለኛ ቁጥር ስለሚይዝ ከኮድህ ጋር ኮሚት አድርገው። በኤንፒኤም (የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ መጫኛ) ከሆነ የምትሠራው፣ አዲስ ላፕቶፕ ላይ «ኢንስቶል» በሚለው ፈንታ «ሲአይ» የሚለውን ተጠቀም፤ ሎክ ፋይሉን ሳይነካ እንዳለ ይጭነዋል። አሁን የተበላሸውን ለማዳን አሮጌው ላፕቶፕ ካለ የተጫኑትን ቅጂዎች ከዚያ አንብበህ አንድ በአንድ አስተካክል፤ አሮጌውን ላፕቶፕ እስክትጨርስ አትሽጠው።